ዝናቡም ተካቷል

ዝናብን መስደብ እኛ ቤት ነውር ነው። ጎርፍ አጥርህን ይዞት ቢሄድ እንኳ ጎርፉን ትረግማለህ እንጂ ዝናቡን አትነካም። ሰርግ ላይ ሲዘንብ «በረከት ነው» ይባላል። ቀብር ላይ ሲዘንብ «ሰማዩም አለቀሰላቸው» ይባላል። የሚባል ሲጠፋ ደግሞ «ለገበሬው ጥሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሁሉ ጨዋነት ግን ለካስ የሚሠራው ዝናቡን በነጻ ላገኘ ሰው ነው። ለፀሐይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው፣ ያውም በክሬዲት ካርድ፣ ያውም «ገንዘቡ ተመላሽ አይሆንም» በሚል ውል፣ ሌላ ፍጡር ነው። ባለቤቴ ጃማይካ ውስጥ፣ ሞንቴጎ ቤይ ከሚገኝ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቆማ ሰማዩን ከላይ እስከ ታች ስትገላምጠው ያየሁ ዕለት ነው ይህ የገባኝ። ሰማዩ አላፈረም።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው የካሪቢያን ሆቴሎች ዋጋቸውን ጣል ያደርጋሉ፤ እኛም እንደ ብዙው የሠፈራችን ሐበሻ የተጣለ ዋጋ አይተን ማለፍ አይሆንልንም። ዋጋው ለምን እንደተጣለ የጠየቀ አልነበረም። የአትላንቲክ የማዕበል ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚከፋው ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ይህን የሚያውቀው የሆቴሉ ባለቤት ነው፣ የአውሮፕላን ድርጅቱ ነው፣ በስልክ ያነጋገረችን ሻጭም ናት። እሷ ግን የነገረችን «ዛሬ ካልወሰናችሁ ነገ አይገኝም» ብቻ ነው። ባለቤቴ የመርካቶ ልጅ ሆና ሳለ ይህን አባባል ማመኗ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እማማም አብረውን መጡ። እማማ የምላቸው አማቴን ነው፤ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ወሩ ነሐሴ ስለሆነ ፍልሰታን ይዘዋል። ጾመኛ ሰው ብቻውን ቤት ጥሎ መሄድ ስለማይሆን እንጂ፣ ጾመኛን ሰው «ኦል ኢንክሉሲቭ» ወደሚባል ቦታ ይዞ መሄድም ጤነኛ ነገር አይደለም። ለማያውቁት ላስረዳ፤ ኦል ኢንክሉሲቭ ማለት ምግቡም፣ መጠጡም፣ ዋናውም፣ ጭፈራውም አንዴ ተከፍሎበት፣ ከዚያ በኋላ ኪስ መንካት የሌለበት አሠራር ነው። መግቢያው ላይ እጅ አንጓ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩልሃል፤ እሱን እያሳየህ ስትበላ ትውላለህ። እማማ ማሰሪያው ሲታሰርላቸው እጃቸውን ሰብስበው «እኔ ምንም አላመመኝም» አሉ። ሐኪም ቤት ተኝተው ሲወጡ ተመሳሳዩን ቆርጠውላቸው ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። ለእያንዳንዳችን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና በየመሀሉ የሚበላው ሁሉ ተከፍሏል። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ኬኩ ሁሉ ይቀራል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኛ ቤት ድሮ ተዘግቷል፤ አይበላም። የቀረላቸው ሩዝ በባቄላ፣ የተቀቀለ ሙዝ መሳይ ነገር፣ ካላሉ የሚባለው ቅጠልና ሐብሐብ ነው። ካላሉውን ቀምሰው «ጎመን ነው፤ ስም ለውጠውበታል» ብለው ተቀበሉት። እኔ ግን የከፈልኩት ገንዘብ ሜዳ ላይ ሲቀር ዝም ብዬ ማየት ስለማልችል የእሳቸውን ድርሻ በፈቃዴ ተረከብኩ። ጀርክ ዶሮ የሚባለውን በቃሪያና በቅመም ለውሰው በእንጨት ጭስ የሚጠብሱትን የጃማይካ ዶሮ በሁለት ሰው ስም ስበላ ሰነበትኩ። ቃሪያቸው የኛን ሚጥሚጣ አንገት የሚያስደፋ ነው፤ ይህን ስል ግን እማማ እንዳይሰሙኝ።

ስለ አማችነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርኩ ዝናቡን ለምን እንደወደድኩት አይገባችሁም። አማቴን ባወቅሁባቸው ዓመታት በሙሉ ፊታቸው የቀረብኩት በኮት ነው፤ ቢበዛ በሹራብ። ቤታችን ውስጥ እንኳ ፒጃማ ለብሼ ሳሎን አልወጣም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን የመሰለ ሆድ ይዤ፣ በቁምጣ ብቻ በፊታቸው እያለፍኩ ወደ ባሕር ግባ ተባልኩ። እሳቸውም ጨዋ ናቸው፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ አድማሱ ይዞራሉ። እኔ በሰሜን ሳልፍ እሳቸው ወደ ደቡብ፣ እኔ በደቡብ ስመጣ እሳቸው ወደ ሰሜን። ሁለታችንም ባሕሩን በቅጡ አላየነውም። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስከፍትና ባሕሩና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው፣ ዘንባባው እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ዝናቡ በጎን ሲመጣ ሳይ፣ አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ሱሪዬን ለበስኩ። ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰው ሆንኩ።

የቤተሰቡ ሌላው ክፍል ግን ኀዘን ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ዳር ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። ነጎድጓድ ሲሰማ የዋና ገንዳውም ተዘጋ፤ ጠባቂው በፊሽካ ሁሉንም አስወጣ። ትንሿ ልጄ «ውኃው እንደሆነ ቀድሞም እርጥብ ነው፣ ዝናቡ ምን ያደርገዋል?» ብላ ተከራከረች። ከእንግሊዝ የመጡት እንግዶች እንደ ምንም አልቆጠሩትም፤ አገራቸውን የሚመስል አየር በማግኘታቸው ፊታቸው ፈክቶ፣ በዝናቡ ውስጥ ቢራ ይዘው ይንሸራሸራሉ። የሆቴሉ ሠራተኞች ደግሞ ባየናቸው ቁጥር «ይሄ ፈሳሽ ፀሐይ ነው» ይሉናል። ቀልዱ ሲደጋገም ባለቤቴ አንዱን ቆም አድርጋ «ደረቁ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ «ይመጣል፣ ይመጣል» አለ። በጃማይካ «ይመጣል» ማለት በአዲስ አበባ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ነው።

እኔና ባለቤቴ ያደግነው ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሊዘንብ ሲል፣ የሚከፈተው ዝናቡ ሲያባራ በሆነበት አገር ነው። ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ያለው ረጅሙ እረፍታችን ጭቃ ነበር። በረዶ ሲወርድ በኩባያ መልቀም፣ ቆርቆሮው ሲያንጓጓ ቁጭ ብሎ ኮንከር መጫወት፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ኳስ ይዞ መሮጥ፣ ኳሱ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ የጎረቤት ልጅ ላይ ማሳበብ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የምንለው እስከ ቁርጭምጭሚታችን በጭቃ ተነክረን ነው። ማንም ልጅ ወደ እናቱ ሄዶ «እረፍቴ ተበላሸ» አላለም፤ ቢልም የሚያገኘው መልስ ባልዲ ነበር፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ እንዲያጠራቅም። ልጆቻችን ግን ሜሪላንድ ተወልደው እረፍት ማለት ፀሐይ ነው ብለው አደጉ። ትልቁ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ የሆቴሉን ውል በስልኩ አውርዶ ስለ አየር ጠባይ የሚል አንቀጽ ሲፈልግ አረፈደ። አንቀጹን አገኘው፤ ለሆቴሉ የሚያደላ ሆነ።

ከቁርስ በኋላ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የዝናብ ቀን መርሐ ግብር ተጀመረ። ማይክሮፎን የያዘች አንዲት ልጅ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ፎጣ አጣጥፎ ዳክዬ የመሥራት ትምህርት ነበር። ኮክቴል የመቀመም ትምህርት ነበር። ከጥጉ ጋ የሆቴሉ አትክልተኞች ሥራ ፈትተው ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ የሚያሳርፉት በእጃቸው ሙሉ ኃይል ስለሆነ ነጎድጓዱ የውጪው ይሁን የእነሱ አይለይም። አየር ማቀዝቀዣው ግን ዝናብ ነው ብሎ አልራራም፤ አዳራሹ በረዶ ነው። እማማ ከሻንጣቸው ያወጡት ጋቢ ያን ጊዜ ዋጋ አገኘ። ሻንጣ ስናዘጋጅ «ካሪቢያን ጋቢ ይዞ የሚሄድ ማን ነው?» ብላ የተሟገተችው ባለቤቴ አሁን በአንደኛው ጠርዝ ገብታለች።

ቀጥሎ ቢንጎ መጣ። እማማ በጾም ቁማር እንደማይነኩ አስታወቁ። ትንሿ ልጄ ግን ካርዷን ይዘውላት እንዲቆዩ ብቻ ለምና ሽንት ቤት ሄደች። ካርድ መያዝ ኃጢአት አይደለም። ቁጥር ሲጠራ ምልክት ማድረግም የልጅ አደራ መወጣት ነው። አንድ መስመር ሲሞላ ግን እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሞላ!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሽልማቱ አንድ ጠርሙስ የጃማይካ ሩም ሆነ። ደርባባዋ አማቴ፣ በፍልሰታ፣ በጋቢ ተሸፍነው፣ አረቄ ታቅፈው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው የሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰንብቷል፤ የንስሐ አባታቸው ሞንቴጎ ቤይ እንዳይመጡ ነው የምጸልየው።

ትልቁ ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ የአየር ሁኔታ ካርታ ላይ አፍጥጧል። ውል አልሠራ ሲለው ጥፋተኛውን መፈለግ ያዘ። በመጨረሻ አገኘሁ ብሎ መጣ። በላያችን ያለው ዝናብ የአየር ሞገድ የሚሉት ነገር ነው፤ እንደዚህ ያሉት ሞገዶች በዚህ ወቅት ከአፍሪካ ምድር ይነሡና ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። ሱዳንን፣ ቻድን፣ የሳህልን አገሮች አልፈው በሴኔጋል በኩል ውቅያኖስ ላይ ይወጣሉ፤ ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች አካባቢ ያየለው ሃሪኬን ይሆናል፣ ያላየለው እንደ እኛው ያለ የእረፍት ቀን ያበላሻል። ልጁ ማንበቡን ሲቀጥል ድምፁ ተለወጠ። አንዳንዶቹ የሚቀሰቀሱት ከኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሚነሣው የክረምት ነጎድጓድ ነው ይላል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ነሐሴ ላይ አትላንቲክ ውስጥ የታየውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ወደ ኋላ ዱካውን ተከትለው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ደርሰዋል። አልቤርቶ መሬት ሳይነካ ውቅያኖሱ ላይ ሲዞር ከርሞ ነው የጠፋው። ቪዛ ተከልክሎ ይመስለኛል።

ይህ ለእማማ ሲተረጎምላቸው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«የኛ ነው?»

«ከዚያ የሚነሣ አለ ነው የሚለው» አልኩ፤ በሳይንስ ላይ መጨመር አልፈለግኩም።

«የኛ ነዋ! ታዲያ ጠዋት የጀመራችሁት ምን ዓይነት ማኩረፍ ነው? ይህን ሁሉ አገር ያለ ደላላ አቋርጦ የመጣን እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?»

ባለቤቴ ከጋቢው ውስጥ ሆና «የኛ ከሆነማ እዚያው ለገበሬው በቆየልን» አለች። ከእናቷ ጋር ከዚህ በላይ አትከራከርም። እማማ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ወደ በረንዳው እንድወስዳቸው ጠየቁኝ፤ ወንበር አወጣሁላቸው፤ ዝናቡን እንደሚያውቁት ሰው ያዩት ጀመር። ጥቂት ቆይተው «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል?» አሉኝ። ሆኗል አልኳቸው።

«በዚህ ዝናብ እኮ የሚበላው እሸት ነበር።»

የተጠበሰ በቆሎ አማረኝ ማለታቸው ነው። እንደ አማች ይህን ትእዛዝ መቀበል ክብር ነው፤ እንደ ከፋይም ቀላል መሰለኝ፤ ሁሉም ተካቷል ተብለናልና። ወደ ምግብ አዳራሹ ወረድኩ። በቆሎ አለ፤ ግን ተቀቅሎ ቅቤ ውስጥ ይዋኛል፣ ለእሱ ቀይ ባንዲራ አልተሰቀለበትም። ያለ ቅቤ፣ በከሰል፣ ጠቆር ብሎ እንዲጠበስልኝ ለወጥ ሠሪው አስረዳሁት። ሰውየው ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። እንደዚያ ያለው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም፤ ከዋናው በር ወጥተህ በስተግራ፣ ቆርቆሮ ቤቱ ጋ አለ፣ እኔም ከሥራ ስወጣ እዚያው ነው የምበላው አለኝ።

ቤተሰቡን ይዤ ስደርስ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አላስወጣም አላለም። በእንዲህ ያለ ዝናብ የት ልትሄዱ ነው፣ ውስጥ ሁሉ ነገር አለላችሁ እኮ አለን፤ የእጃችንን ማሰሪያም እያየ ነው። በቆሎ ብንለው ፈገግ ብሎ ትልቁን የሆቴል ጃንጥላ አውሶን በሩን ከፈተው። ወጣን። እማማ ጋቢያቸውን ደርበው ሩሙን በፌስታል ይዘዋል፤ ክፍል ውስጥ ትተነው ብንሄድ ይሰረቃል አሉ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ጎርፉን እየረገጡ ቀደሙን፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። በመንገዱ ላይ ቀይ ታርጋ የለጠፉ የመሥመር ታክሲዎች ጡሩምባ እየነፉ ውኃ ይረጩናል። ባለቤቴ በእያንዳንዱ ታክሲ አንዳንድ እርግማን አወረደች። በአማርኛ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም።

ቆርቆሮ ቤቱ እንደተባለው በስተግራ ነው። የዘይት በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ሆኗል፤ ከሰሉ ላይ በቆሎው ተደርድሯል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ ለመሰማማት መጮኽ ነበረብን። የሚጠብሰው ሰውዬ ሸበቶ ነው፤ ጥቅልል ጸጉሩን በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሹራብ ቆብ ሸፍኖታል። ከጎኑ አንዲት ሴት ኮኮናት ትፈልጣለች፤ በቆሎውን ከደረቅ ኮኮናት ጋር ነው የሚያቀርቡት። ከኋላው ግድግዳ ላይ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ አለ፣ የዓመቱ ካላንደር አለ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ጃንሆይ ዘውድ ደፍተው ቆመዋል።

እማማ ከጃንጥላው ሥር ሆነው ፎቶውን አዩ። «ጃንሆይ! እዚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጄ ነው ያስተረጎመው። እኔ የጃማይካን ንግግር ከሦስት አንዱን ቃል ነው የምይዘው፤ እሱ ግን ዘፈኑን ሲሰማ ስለሚውል የጆሮ ችግር የለበትም። ከየት እንደመጣን ተጠየቅን፤ ተናገርን። ሰውዬው መቆንጠጫውን አስቀመጠ። ቆቡን ነካ አደረገ። እኚህ እናት ግርማዊነታቸውን በዓይናቸው አይተዋል ወይ አለ። እማማ «አይቻለሁ እንጂ» አሉ። ሰውዬው ቀጠለ፤ እኛም አገር መጥተው ነበር፣ በ66፣ እዚህም ሞንቴጎ ቤይ ድረስ በባቡር መጥተዋል፣ አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ አሳይቶኛል አለ።

«በ66?» አሉ እማማ ደንግጠው። «ምን ነካህ ልጄ፣ በ66ማ መከራቸው ነበር! በ66 ከቤተ መንግሥት መውጫ የት ነበራቸው?»

ይህን አስተርጉሞ ጭቅጭቅ ከመፍጠሩ በፊት ልጄን አቆምኩት። የሰውዬው 66 የፈረንጅ ነው፤ ጃንሆይ ኪንግስተን ያረፉት በኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። የእማማ 66 ደግሞ የየካቲቱ አብዮት ነው። በአንዱ 66 መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆ ጃንሆይ ለመውረድ እስኪቸገሩ ድረስ እየሰገደላቸው ነበር፤ በሌላው 66 ደግሞ የታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ አደባባይ ወጥቶባቸዋል። የእኔው አባት «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ይህን ለሰውዬው አልነገርኩትም። በቆሎው ገና አልበሰለም።

ሰውዬው የዚያን ቀን ታሪክ ሲተርክ ፊቱ በራ። ጠዋት ኪንግስተን ላይ ሲዘንብ ነበር፣ የጃንሆይ አውሮፕላን ብቅ ሲል ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፤ ራስ ተፈሪያውያን እስከ ዛሬ እንደ ተአምር የሚያወሩት ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ግራ ገባቸው።

«ዝናብ አቆሙ ብሎ ነው የሚያመሰግናቸው?»

«አዎ እማማ።»

«እኛ አገር እንግዳ ሲገባ ከዘነበ እኮ ነው እግረ እርጥብ የሚባለው። ዝናብ የሚያቆም እግር ምን ተብሎ ይሞገሳል?» ትንሽ አሰቡና ደግሞ እውነቱ እንዳያመልጣቸው ፈሩ። «ግን እውነቱን ነው። የእንግሊዝ ንግሥት የመጣች ጊዜ፣ በ57፣ ባንዲራ አስይዘው መንገድ ዳር አሰልፈውን ፀሐዩ አናታችንን ሲበላው ነው የዋለው። ከጃንሆይ ጋር አብረው አለፉ። ደመና የሚባል አልነበረም። ንገረው።»

ልጄ ነገረው። ጥር የበጋ ወር መሆኑን ያነሣ አልነበረም። ሰውዬው ደረቱን ይዞ ለሴትየዋ ደገመላት፤ ሴትየዋ ኮኮናቱን ጣል አድርጋ መጥታ የእማማን እጅ ሳመች። በሃይማኖት ጉዳይ ሁለቱ ቢነጋገሩ ኖሮ ውኃና ዘይት ነበሩ፤ እማማ ለጃንሆይ ቢበዛ ነፍስ ይማር ነው የሚሉት። ነገር ግን ቆርቆሮው እየጮኸ፣ አስተርጓሚው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ነገረ መለኮት የሚባል ነገር አይሞከርም።

በቆሎው ደረሰ። በቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጥርስ የሚያጠቁር፣ እጅ የሚያቃጥል። ልጆቹ ሁለት ሁለት በሉ። ባለቤቴ አንዱን ጨርሳ ሌላ ስትቀበል ሰማዩን አንድ ጊዜም አላየችውም።

ችግሩ ሲከፈል መጣ። ሰውዬው ጃንሆይን ካየች እናት ገንዘብ አልቀበልም አለ። እማማ በነጻ አልበላም አሉ። እሱ በሕይወቷ አለ፣ እሳቸው በሞቴ አሉ። እኔ በሕይወቴ ገዢ ጨምሮ እየሰጠ ሻጭ ሲሸሽ ያየሁት እዚያ ነው። እማማ በመጨረሻ ፌስታላቸውን ከፍተው ሩሙን ዘረጉለት። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እምቢ አለ፤ መጠጥ አይነካም። ልጄ ያለ የሌለውን ሲጠይቀው ሥጋም እንደማይበላ፣ አሳማማ ጭራሽ በቤቱ እንደማያልፍ፣ ወጡ ውስጥ ጨው እንኳ እንደማይጨምር ነገረው። እማማ ጸጉሩን ደግመው አዩት፣ ቅጠል የበዛበትን ድስቱን አዩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባሕታዊ ነው» አሉኝ። ከጓሮው በኩል ይመጣ የነበረውንም ጭስ ዕጣን ነው ብለው ተሳለሙት። ማናችንም አላረምናቸውም።

ነገሩን የፈቱት እንደ ወትሮው ሴቶቹ ናቸው። ሴትየዋ ጠርሙሱን ከእማማ እጅ ተቀብላ ከኮኮናቱ ጀርባ አስቀመጠችው፤ ለገና ኬክ ዘቢቡን የምትዘፈዝፍበት ሩም ስትፈልግ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ሂሳቡን ቆጥራ፣ አጥፋ፣ ሰውዬው ዞር ሲል እጇ ውስጥ ጨበጥ አደረገችላት። እማማ ሰውዬውን መረቁት፤ የእማማ ምርቃት አጭር አይደለም፤ እሱም በየመሀሉ አሜን የሚባልበትን ቦታ በትክክል ያውቅ ነበር።

ስንመለስ ርሰን ነበር፤ ከሁላችንም የራሰው ጋቢው ነው። እማማ በረንዳው ብረት ላይ ወጥረው ሰጡት። ብዙ ሳይቆይ ስልክ ጮኸ፤ ከእንግዳ መቀበያው ናቸው፤ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት በሆቴሉ ደንብ የተከለከለ ነው አሉን በትሕትና። ጋቢው ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የሻወሩን መጋረጃ ብረት ከዳር እስከ ዳር ያዘው፤ እስኪነጋ የታጠበ ሰው የለም።

በማግስቱ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ሆነ። ባለቤቴ ስለ ሰማዩ አስተያየት መስጠት አቆመች፣ እኔ ወደ ቁምጣዬ ተመለስኩ፣ እማማ ወደ አድማሳቸው። በእንዲህ ያለ ሆቴል ባሕሩ ዳር ያለው ጥሩ ወንበር ማልዶ ፎጣ ላነጠፈበት ነው፤ ስለ ወንበር የሚደረገውን ጦርነት ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። እማማ ማንም ሳይነቃ ወርደው ከፊት ያሉትን ሁለት ወንበሮች ጋቢ አልብሰዋቸዋል። አንድ እንግሊዛዊ መጥቶ ወንበሮቹ ባለቤት እንዳላቸው ጠየቀኝ። እኔም እማማን ከወደ ጀርባቸው፣ ቁምጣዬ እንዳይታያቸው ከዛፍ ኋላ ሆኜ፣ ምን ልበለው አልኳቸው።

«ሲደርቅ ይምጣ በለው።»